በርበሬው ሳይፈጭ የሚደርስ መልዕክት

የልብና የደም ሥር ሕመሞችን በእጅ ስልክ አጭር የጽሑፍ መልዕክት ለመከላከል የሚደረገው ጥረት በጤናው ዓለም መታወቅ ከጀመረ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ሆኖም መልዕክቱ የሚላክለት ሰው ወጡን ማን እንደሚሠራለት፣ መቼ እንደሚጾም፣ የማንን ምክር እንደሚሰማና በየትኛው ቋንቋ እንደሚያስብ ሳይታወቅ የተላከ ቃል ከስልኩ አልፎ ማዕዱ ላይ አይደርስም። በባህል የተቃኘ መልዕክት የሚባለው አንድን የጤና ምክር ከሌላ ቋንቋ ቃል በቃል መመለስ ሳይሆን፣ ምክሩ በተቀባዩ ኅብረተሰብ አነጋገር፣ አመጋገብ፣ እምነት፣ የጊዜ አቆጣጠርና የአክብሮት ሥርዓት ውስጥ ገብቶ እንደገና ሲጻፍ ነው። አዲስ አበባን ከበው የሚገኙት ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ይህ ሥራ ምን ያህል ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ በግልጽ የሚታይባቸው ከተሞች ናቸው፤ ጉዳዩን ጠጋ ብሎ የመረመረ ሰውም ትልቁ ችግር ከቃላት ምርጫ ይልቅ የጊዜ መሆኑን ይረዳል፤ ምክሩ የሚላክበት ቀንና ስለ ምግቡ የሚወሰንበት ቀን አይገናኙምና።

ሰበታ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጋራ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ አድገው፣ ሦስቱም በ2015 ዓ.ም. ሸገር ከተማ በሚል ስም በተዋቀረው የኦሮሚያ ክልል አስተዳደር ሥር ተጠቃለዋል። ሰበታ ከሜታ አቦ ቢራ ፋብሪካ ዘመን ጀምሮ የፋብሪካ ሠራተኛ ከየአቅጣጫው የሚሰበሰብባት ስትሆን፣ ወደ ጅቡቲ የሚዘልቀው አዲሱ የባቡር ሐዲድም የሚነሳው ከእርሷ ነው፤ ቡራዩ የገፈርሳ ግድብ ጎረቤት ሆና ጎህ ሲቀድ ነዋሪዋን ወደ አዲስ አበባ የምትሸኝ፣ ሲመሽ የምትቀበል ከተማ ናት፤ ሱሉልታ የወተት ላሞች፣ የታሸገ ውኃ ፋብሪካዎችና በብርዱ ውስጥ የሚሮጡ አትሌቶች አገር ናት። ማለዳ ከአሸዋ ሜዳ ወይም ከወለቴ በሚነሳ ታክሲ ውስጥ በአንድ ወንበር ላይ አፋን ኦሮሞ፣ አማርኛና ጉራግኛ ይሰማል፤ የአንዷ አንገት ማተብ አሥሯል፣ ሌላዋ ሒጃብ ለብሳለች፣ ስልክ ግን በሁሉም እጅ አለ። ለዚህ ሁሉ ሰው አንድ ዓይነት መልዕክት ጽፎ መበተን የሚያዋጣ አይደለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው እ.ኤ.አ. በ2019 የልብና የደም ሥር ሕመሞች 17.9 ሚሊዮን ሰዎችን ገድለዋል፤ ይህም በዚያ ዓመት በዓለም ላይ ከደረሰው ሞት ሲሶውን ያህል ነው። በኢትዮጵያ የልብ ሕመም ሲባል ለረጅም ጊዜ ቀድሞ ይታሰብ የነበረው የልጆች ሕመም ነው፤ በወቅቱ ያልታከመ የጉሮሮ ቁስለት የሚያስከትለው የሩማቲክ ልብ ሕመም ብዙ ልጆችን ስለሚያጠቃ፣ ዶክተር በላይ አበጋዝ የመሠረቱት የሕፃናት የልብ ሕሙማን መርጃ ድርጅትና በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የተሠራው የልብ ሕክምና ማዕከል በሕዝብ ዘንድ የታወቁት በእነዚህ ልጆች ምክንያት ነው። የጎልማሳውና የአረጋዊው ልብ ግን ድምፅ ሳያሰማ ይታመማል፤ መንገዱን የሚጠርገውም በአብዛኛው ከፍተኛ የደም ግፊት ነው፤ ይህም ደም በደም ሥሮች ግድግዳ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ከልኩ በላይ ሆኖ ሲቆይ የሚፈጠር፣ ምልክት ሳያሳይ ለዓመታት ልብን፣ ኩላሊትንና አንጎልን የሚጎዳ ሁኔታ ነው።

የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ2015 ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት በሆኑ ሰዎች ላይ ያካሄደው አገር አቀፍ ጥናት፣ ከመቶ 16 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል፤ አብዛኞቹም መድኃኒት አይወስዱም ነበር። በዚያው ጥናት ከሽንት ናሙና የተሰላው አማካይ የጨው አጠቃቀም ለአንድ ሰው በቀን 8.3 ግራም ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ ከማይሞላ መጠን እንዳይበልጥ ነው። ሲጋራ የሚያጨሱት ግን ከመቶ 4 ያህል ብቻ ነበሩ፣ በቂ የአካል እንቅስቃሴ የማያደርጉትም ከመቶ 6 ገደማ። እነዚህ አሃዞች ጎን ለጎን ሲታዩ አንድ ነገር ይናገራሉ። በሀብታም አገሮች የሚዘጋጁት የመልዕክት ስብስቦች ሲጋራ ስለ መተውና በእግር ስለ መጓዝ ሰፊ ቦታ ይሰጣሉ፤ ያንኑ ስብስብ ተርጉሞ ከታክሲ ወርዳ ግማሽ ሰዓት ዳገት ወጥታ ቤቷ ለምትገባ፣ ሲጋራ በእጇ ነክታ ለማታውቅ የቡራዩ እናት መላክ የእርሷን ጊዜ ማባከን ነው፤ ይልቁንም ሁለተኛውንና ሦስተኛውን መልዕክት ሳታነብ እንድታጠፋው ያስተምራታል። እዚህ ሊነገር የሚገባው ስለ ጨው፣ ግፊትን ስለ መለካትና መድኃኒትን ስላለማቋረጥ ነው፤ ጫትና መጠጥም እንደየቤቱ ይከተላሉ።

ሕዝቡ ይህን ሕመም «ደም ብዛት» ይለዋል። የጤና ባለሙያው «የደም ግፊት» ሲል፣ በአፋን ኦሮሞም «ዺባ ዺጋ» የሚለው ስም የደም ጫና እንደ ማለት ነው፤ ደም ብዛት የሚለው የአማርኛ ስም ግን የሕመሙን መንስኤ አብሮ ይተረጉማል፤ ደሙ በዝቷል ይላል። ደሙ የበዛበት ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ቶሎ ይቆጣል ተብሎ ስለሚታሰብ፣ ራሱን ያላመመው ሰው ድኛለሁ ብሎ ኪኒኑን ያቆማል፤ ዋግምት አስነቅሎ ደሙን የቀነሰ የሚመስለውም አለ። መልዕክት ጸሐፊው ይህን ስም ንቆ በባለሙያው ቃል ብቻ ቢጽፍ አንባቢው ስለ ሌላ ሕመም የተነገረ ይመስለዋል፤ ስሙን ተቀብሎ፣ ደም ብዛት ሳያምም እንደሚጎዳ ቢነግረው ግን ከሚያውቀው ተነስቶ ወደማያውቀው ይሄድለታል። «ልብ» የሚለው ቃል ራሱ ተመሳሳይ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በአማርኛ ልብ የማስተዋል መቀመጫ ነው፣ «ልብ በል» ሲባል አስተውል ማለት ነው፤ «ልቤን አመመኝ» የሚል ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያመለክተው ከደረቱ በታች ያለውን የጨጓራውን አካባቢ ነው። ስለዚህ «ልብዎን ሲያምዎ ወደ ሐኪም ይሂዱ» የሚል መልዕክት ቃር የያዘውን ሰው ሊያስደነግጥ፣ በእርግጥ የልብ ደም ሥሩ የተዘጋበትን ሊያዘናጋ ይችላል፤ ደረትን ጨምድዶ የሚይዝ፣ ወደ ግራ ክንድና ወደ መንጋጋ የሚዘልቅ፣ ላብ የሚያጠምቅ ሕመም ብሎ በአካል ክፍል መናገር ይሻላል።

ሌሎች አገሮች ያገኙት

መልዕክት ብቻውን ምን ያህል ይሠራል ለሚለው ጥያቄ የዓለም ተሞክሮ የሰጠው መልስ አንድ ወጥ አይደለም። በአውስትራሊያ ሲድኒ ከተማ ዶክተር ክላራ ቻው የመሩትና እ.ኤ.አ. በ2015 ውጤቱ የታተመው ጥናት የልብ ደም ሥር ሕመም ያለባቸውን 710 ሰዎች ይዞ፣ ለግማሾቹ ለስድስት ወር በሳምንት አራት መልዕክት ልኮላቸው ነበር፤ መጨረሻ ላይ መልዕክት የደረሳቸው ሰዎች የላይኛው የደም ግፊት በአማካይ 128፣ ያልደረሳቸው 136 ገደማ ሆኖ ተገኘ። በቻይና በ822 ሕሙማን ላይ የተካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመው ሙከራ ግን የደም ግፊትን ዝቅ አላደረገም። በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስዱ 1,372 ሰዎች በእንግሊዝኛ፣ በዞሳና በአፍሪካንስ ተጽፎ የተላከው መልዕክት ከዓመት በኋላ ያመጣው ለውጥ 2 ነጥብ ገደማ የሆነ ትንሽ ቅናሽ ነው። ከእነዚህ ሁሉ ለኢትዮጵያ የሚቀርበው ስለ ልብ ሳይሆን ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የተሠራው የኬንያ ጥናት ነው። በዚያ ነርሷ በየሳምንቱ የምትልከው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ «ማምቦ?» ትላለች፣ እንደምን ነህ እንደ ማለት። ታማሚው «ሳዋ» ብሎ ደኅና መሆኑን፣ ወይም «ሺዳ» ብሎ ችግር መኖሩን ይመልሳል፤ ችግር ያለበትና ያልመለሰው ይደወልለታል። እ.ኤ.አ. በ2010 እንደታተመው፣ መልዕክት ከሚላክላቸው መካከል መድኃኒታቸውን በትክክል የወሰዱት 62 በመቶ ሲሆኑ ከማይላክላቸው መካከል 50 በመቶ ነበሩ። መልዕክቱ ስለ መድኃኒት አንድም ቃል አይናገርም፤ ሌላ ሰው ስልኩን ቢያነበውም ምስጢር አያወጣም፤ ጎረቤት ጎረቤቱን እንደሚጠይቅ ሆኖ ይመጣል።

አማርኛ ለዚህ የሚሆን የተዘጋጀ ቃል አለው። «ጤና ይስጥልኝ» የሚለው የዘወትር ሰላምታ የጤና ምኞት ነው፤ «እንደምን ሰነበቱ?» ተብሎ ለተጠየቀም «ደኅና» ወይም «ችግር አለ» ብሎ መመለስ ለማንም አያስቸግርም። በአፋን ኦሮሞም ሰላምታው በ«ነጋ» እና በ«ፈያ»፣ በሰላምና በጤና ይዞራል። የጤና መልዕክት አዲስ ነገር መፍጠር ሳያስፈልገው በዚህ በር መግባት ይችላል።

ሰባ ፊደል

የስልኩ ገበታ ራሱ ሕግ አለው። አንድ አጭር የጽሑፍ መልዕክት የሚሸከመው 140 ባይት ነው፤ ባይት የሚባለው የኮምፒዩተር መረጃ የሚለካበት ትንሽ መስፈሪያ ነው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ በዚህ ውስጥ 160 ፊደል ይገባል፤ የግዕዝ ፊደል ግን እያንዳንዱ ሁለት ባይት ስለሚወስድ የሚገባው 70 ብቻ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ መልዕክቱ ተቆራርጦ እንደ ሁለትና እንደ ሦስት ይቆጠራል፤ የላኪውም ወጪ በዚያው ልክ ያድጋል። ይህ አማርኛን የጎዳ ቢመስልም የፊደሉ ጠባይ ይክሰዋል፤ አንዱ የግዕዝ ፊደል ተነባቢውንና አናባቢውን አንድ ላይ ስለሚይዝ «ጨው» ሁለት ፊደል ሲሆን፣ አፋን ኦሮሞ በላቲን ፊደሉ በቁቤ ሲጻፍ «ሶጊዳ» ለሚለው ስምንት ፊደል ያስፈልገዋል። ከባዱ ችግር የቆዩ ስልኮች ጉዳይ ነው፤ የግዕዝን ፊደል የማያነብ ስልክ የመጣለትን ምክር በባዶ ሳጥኖች ረድፍ ይለውጠዋል፤ ባለቤቱም ስልኩ የተበላሸ ይመስለዋል። ስለዚህ ተቀባዩ ሲመዘገብ በአፋን ኦሮሞ ነው ወይስ በአማርኛ ብሎ ከመጠየቅ ጋር ስልኩን ተቀብሎ አንድ የሙከራ መልዕክት ልኮ ማየት ያስፈልጋል። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ ስድስት ወር ሙሉ ሳጥን ከመላክ ያድናል።

ሌላው የማዕረግ ጉዳይ ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ምክር ለአዛውንቱም ለልጁም፣ ለሴቱም ለወንዱም አንድ ሆኖ ሲሄድ፣ አማርኛ ግን «ቀንስ»፣ «ቀንሺ»፣ «ይቀንሱ» እና «ቀንሱ» ከሚሉት አንዱን ሳይመርጥ ግሡን መጨረስ አይችልም። የስድሳ ዓመቱን የሱሉልታ ገበሬ «አንተ» ብሎ የሚጽፍ መልዕክት የመጀመሪያው ቃል ላይ አንባቢውን ያጣል፤ ሰበታ ውስጥ ቤት ተከራይታ የምትኖረውን የሃያ ሁለት ዓመት የፋብሪካ ሠራተኛ «እርስዎ» ሲላት ደግሞ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የመጣ ማስታወቂያ ይመስላታል። አፋን ኦሮሞም «አቲ» እና «ኢሲን» ብሎ ይለያል። ዕድሜና ጾታ በምዝገባው ላይ ካልተያዙ ጸሐፊው የቀረው አማራጭ ማክበር ነው፤ በአክብሮት ቢሳሳት ማንም አይቀየምበትም።

ሰዓትም እንዲሁ ነው። «መድኃኒትዎን 8 ሰዓት ላይ ይውሰዱ» የሚል ከውጭ የተመለሰ መልዕክት የጻፈው ሰው ያሰበው ጠዋቱን ቢሆንም፣ የቡራዩ ነዋሪ የሚረዳው ከምሳ በኋላ ያለውን ሰዓት ነው፤ ስድስት ሰዓት የዘገየ ኪኒን ማለት ነው። የቀጠሮ ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ሲጻፍም ሰውየው በቀናት ተሳስቶ ጤና ጣቢያው በር ላይ ይቆማል።

የጨው ውሳኔ የሚወሰንበት ቀን

ጨው በአብዛኛው የኢትዮጵያ ቤት ማዕድ ላይ ተቀምጦ እንደ ፍላጎት የሚነሰነስ ነገር አይደለም፤ ወጡ ውስጥ ነው፣ ከወጡም በፊት በርበሬው ውስጥ፣ ሽሮው ውስጥ ነው። በርበሬ የሚዘጋጀው አብዛኛውን ጊዜ ዝናቡ ካባራና ዛላው ገበያ ከገባ በኋላ፣ ከኅዳር ጀምሮ ባሉት የበጋ ወራት ነው። ዛላው ይቀነጠሳል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ተወቅጦ ይታሻል፣ ግቢው ውስጥ በተዘረጋ ሰሌን ላይ ፀሐይ እንዲመታው ይሰጣል፤ ሲደርቅ ኮረሪማው፣ ጥቁርና ነጭ አዝሙዱ ለብ ለብ ተደርጎ ይጨመርበታል። ጨውም እዚሁ ይገባል፣ በእፍኝ ወይም በኩባያ፣ በባለሙያዋ የእጅ ልክ፤ እንዲጣፍጥም እንዳይበላሽም ተብሎ። ከዚያ ወደ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ይህ በዓመት አንዴ፣ ቢበዛ ሁለቴ የሚሠራ ሥራ ነው፤ ቤተሰቡ ለወራት የሚበላውን ጨው ከፊሉን የሚወስነው ያ አንድ ቀን ነው።

እንግዲህ በሚያዝያ ወር «ጨው ይቀንሱ» የሚል መልዕክት ለአባወራው ስልክ ይደርሳል እንበል። አባወራው ወጥ አይሠራም፤ ለባለቤቱ ይነግራታል፤ እርሷም ድስቱ ላይ የምትጨምረውን ትቀንሳለች፣ በርበሬው ውስጥ ያለውን ግን ልታወጣው አትችልም። ለታማሚው ለብቻው አልጫ ቢሠራለት ሌላ ጣጣ ይመጣል፤ በአንድ ትሪ ዙሪያ ተሰብስቦ በሚበላ ቤት የራሱን ሰሃን ይዞ ጥግ የሚቀመጥ ሰው በሽተኛነቱ በቀን ሦስት ጊዜ ይነገረዋል፤ ልጆቹ ያጎርሱት ዘንድ እንኳ አይመችም። ጨው ለራሱ ሲል እንዲጣፍጥ የሚመክር ተረት ባለበት፣ አሞሌው በአንድ ዘመን ገንዘብ ሆኖ ባገለገለበት አገር፣ አልጣፈጠም የተባለ ወጥ የባለሙያዋን ስም ያጎድፋል። ይህን ሁሉ ሳያውቅ የተጻፈ ምክር ጥፋቱን ሴቲቱ ላይ ይጥልባታል።

መልዕክቱ በኅዳር፣ በርበሬ ለምታዘጋጀው ሰው፣ ዛላው ገና ሰሌኑ ላይ ሳለ ቢደርስ ግን ነገሩ ይለወጣል። ለምሳሌ እንዲህ ቢል፦ «ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ በርበሬውን ያለ ጨው ያስፈጩ፤ ጨው ወጡ ሲወርድ ይጨመራል።» ይህ ከነክፍት ቦታውና ከነሥርዓተ ነጥቡ 51 ምልክት ስለሆነ በአንድ መልዕክት ውስጥ ገብቶ ቦታ ይተርፈዋል፤ ለማንም ማዕረግ ይመጥናል፣ ወንድ ሴት አይለይም፤ በሽታን ስለማይጠራም ስልኩን ያነሳ ልጅ ለእናቱ ጮክ ብሎ ቢያነበው የሚያሳፍር ነገር የለውም። ከሁሉ በላይ ግን አንድ ሊሠራ የሚችል ነገር፣ ሊሠራ በሚችልበት ቀን ይጠይቃል፤ ታማሚውን ከትሪው ሳይለይ የቤተሰቡን ሁሉ ጨው ይቀንሳል።

ምክሩ ከዚህ ቀደም ከተሰጠ ሌላ ምክር ጋርም ይስማማል። እንቅርትን ለመከላከል እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ለምግብ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲጨመርበት አዟል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎችም አዮዲን ያለውን ጨው ተጠቀሙ እያሉ ለዓመታት አስተምረዋል። አሁን ጨው ቀንሱ ሲባል ሰው ትናንት ተጠቀሙ ያላችሁን ዛሬ ተዉ ትላላችሁ ወይ ብሎ ቢጠይቅ እውነት አለው። መልሱ አዮዲን ለረጅም ሙቀት ሲጋለጥ መባከኑ ነው፤ አዮዲን ያለው ጨው ወጡ ከእሳት ሊወርድ ሲል እንዲጨመር የሚመከረውም ለዚህ ነው። በፀሐይ የሰነበተና በእሳት የተቁላላ በርበሬ ውስጥ የገባ ጨው ግፊትን ከፍ ለማድረግ ሳይሰንፍ፣ ለእንቅርት ግን የሚሰጠው ጥቅም ይጎድላል። ስለ እንቅርቱም ስለ ልቡም የሚሻለው ጨውን ከበርበሬው ማስቀረትና በመጨረሻ በጥቂቱ መጨመር ነው።

ሁሉም ቤት በርበሬ አያስፈጭም፤ ሰበታ በክፍል ኪራይ የሚኖሩ ወጣት ሠራተኞች በርበሬና ሽሮ ከባልትና በኪሎ ይገዛሉ። ለእነርሱ መልዕክቱ ሌላ ነው፤ ሲገዙ ጨው የገባበት መሆኑን እንዲጠይቁና ከገባበት ድስቱ ላይ እንዳይደግሙ ይመክራል። ወፍጮ ቤቱም እንደ ጤና ጣቢያው ሊታሰብ ይገባዋል፤ በበርበሬ ወራት ሴቶች እያነጠሱ፣ አፍና አፍንጫቸውን በነጠላ ሸፍነው ወረፋ የሚጠብቁበት ይህ ቤት፣ ስልክ የሌላት ሴት ጭምር ምክሩን የምትሰማበትና ከባልንጀራዋ ጋር የምትከራከርበት ቦታ ነው።

ጾም፣ ጸበልና ኪኒን

የመድኃኒት ነገር ሲመጣ ቀን መቁጠሪያው እንደገና ይገባል። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመን ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን 55 ቀን፣ ፍልሰታን 15 ቀን ሲጾም ብዙዎች እስከ ቀትር ወይም እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል ውኃ አይቀምሱም፤ ሙስሊሙም በረመዳን ከጎህ እስከ ጀምበር መጥለቂያ እንዲሁ። ጠዋት የሚዋጥ ኪኒን በውኃ ነውና የሚወሰደው፣ ጾሙን ላለማፍረስ ሲል የሚያቋርጠው ሰው ብዙ ነው። የአጭር መልዕክት ጸሐፊ የሃይማኖት ብይን መስጠት አይገባውም፤ የሚገባው ጾሙ ከመግባቱ አንድ ሳምንት ቀድሞ፣ የመድኃኒቱን ሰዓት ወደ ማታ ማዞር ይቻል እንደሆነ ነርሷን እንዲጠይቁ፣ ስለ ጾሙም ከንስሐ አባታቸው ወይም ከኢማማቸው ጋር እንዲመክሩ ማስታወስ ነው። ሽንት የሚያበዛ የግፊት መድኃኒት የሚወስድ የሱሉልታ ተሳፋሪም ተመሳሳይ ችግር አለበት፤ ጠዋት ውጦ ታክሲ ከተሳፈረ እንጦጦን ሳይጨርስ ይጨንቀዋል፣ ስለዚህ በሥራ ቀን ይዘለዋል። ይህን የሚያውቅ ሰው «መድኃኒትዎን አይርሱ» አይለውም፤ አልረሳውምና።

ጸበልን በተመለከተ አገሪቱ ከዚህ ቀደም የተማረችው አለ። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በስፋት መሰጠት በጀመረባቸው ዓመታት ከሱሉልታ በጋራው ማዶ በእንጦጦ ማርያም ጸበል የሚጠመቁ ብዙ ሕሙማን መድኃኒቱን እምነት ማጉደል አድርገው ይቆጥሩት ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንና መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ተናገሩ። ያንን ቃል የጤና ቢሮ ቢናገረው ኖሮ ጸበል ቦታው ላይ ክብደት አይኖረውም ነበር።

ይህም ወደ ላኪው ማንነት ይመልሳል። በአገሪቱ ስልክ ላይ ከአራት አኃዝ ቁጥር የሚመጣ መልዕክት ሲበዛ የጥቅል ሽያጭ ወይም የዕጣ ማስታወቂያ ነው፤ ለሕዳሴው ግድብ በ8100 «ኤ» ብሎ የላከ ሁሉ ያውቀዋል። የጤና ምክርም በዚያው መልክ ሲመጣ ሳይከፈት ይጠፋል። ምክሩ የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ወይም የጤና ጣቢያው ስም ሲኖርበት፣ ያችው ባለሙያ ቤት ለቤት ስትዞር «መልዕክቱ ደረሳችሁ?» ስትል ግን ፊት ያገኛል። ማንበብ ለማይችለውም ድምፅ አለ፤ የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2014 የጀመረው 8028 ገበሬው ደውሎ ምክሩን በቋንቋው እንዲሰማ አድርጓል፤ በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባም ኢትዮ ቴሌኮም የስልኩን የመጥሪያ ድምፅ እጅ ስለ መታጠብ በሚመክር ንግግር ተክቶት ማንበብ የማይችለውም የሚችለውም እኩል ሰምቶታል።

የዚህ ሁሉ ድካም ፍሬ የሚለካው በተላኩት መልዕክቶች ብዛት ሊሆን አይገባም። «ችግር አለ» ብሎ የመለሰ ሰው በዚያው ቀን የሚደውልለት ነርስ ካላገኘ፣ ሊለካ ሄዶ የግፊት መለኪያው ተበላሽቷል ከተባለ፣ የግፊት መድኃኒቱ አምሎዲፒን ከጤና ጣቢያው መድኃኒት ቤት አልቆ በውድ ዋጋ ከውጭ እንዲገዛ ከተላከ፣ መልዕክቱ ቁጣ እንጂ ጤና አይጨምርለትም። የጨውን ነገር ለመለካት ደግሞ መንገዱ ከአገር አቀፉ ጥናት የታወቀ ነው፤ ሽንት ይመረመራል። ግን ምርመራው መቼ ይደረግ የሚለው እዚህም ዋና ጥያቄ ነው፤ በጥቅምት ቢደረግ ድስቱ ውስጥ ያለው ገና ያምናው በርበሬ ነው፤ በዐቢይ ጾም ብቻ ቢደረግ ከፍስኩ ወጥ ጋር አይነጻጸርም። ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሳምንታት ግን በሦስቱም ከተሞች በኅዳር መልዕክት የደረሳቸውና ያልደረሳቸው ቤቶች የየራሳቸውን አዲስ በርበሬ ከፍተዋል፤ የሽንቱ ናሙና ያን ጊዜ ይወሰድ፣ በሚቀጥለውም ዓመት በዚያው ወቅት ይደገም።